አያ ጅቦ በነፃ የሚወጣው ለማን ነው?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በእጅ አሻንጉሊት ለልጆች ተረት እያቀረብን የምንተዳደር ሦስት ባልደረቦች ነን። ሥራውን ከጀመርን ሰባት ዓመታችን ነው። የምንለማመደው አራት ኪሎ ነው። መድረካችንንና ዕቃችንን እናስቀምጥበት የነበረው የካዛንቺሱ ቤት ሲፈርስ ግን ዕቃው ሰሚት ዘመድ ቤት ገባ፤ አሁን ለእያንዳንዱ ትርኢት ኮንትራት መኪና እንይዛለን፣ ደርሶ መልስ 2,000 ብር። እንጀራችን የትምህርት ቤትና የልደት ዝግጅት ነው። ባለፈው ዓመት 61 ትርኢት አቅርበናል፤ ከዚህ ውስጥ 23ቱ ለበጎ አድራጎት ተብሎ በነፃ የቀረበ ነው። የመለማመጃ ክፍላችን የሁለት ወር ኪራይ፣ 18,000 ብር፣ አለብን። የምስጋና ሰርተፊኬት መስቀያ ግን ግድግዳ አጥተናል።

ሰሞኑን ሁለት ጥሪ መጣልን። አንደኛው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ መሀል ከተማ ባለ ትልቅ ሆቴል የገቢ ማሰባሰቢያ እራት አዘጋጅቷል። ‹ግማሽ ሰዓት ብቻ አዝናኑልን፤ ለሕፃናቱ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ስለሚመጡ እናንተም ትተዋወቃላችሁ› አሉን። ሁለተኛው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ ትንሽ የሕፃናት ማቆያ ነው፤ አርባ የሚሆኑ ልጆች ይውሉበታል። ኃላፊዋ ‹የምንከፍለው የለንም፤ ሻይና ዳቦ ግን አናጣም› አለችን። እኔ የሆቴሉን ማንንም ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። የሁላችን ታላቅ የሆነው ባልደረባችን ሚስቱ አራስ ናት። ሲሰማ ‹ሰደቃም ቢሆን ከቤት ይጀምራል፤ ከእንግዲህ በነፃ እጄን አላነሣም› ብሎ ልምምዱን ጥሎ ወጣ። ታናሿ ደግሞ ‹በተቸገረ ልጅ ስም ገንዘብ መቀበል ነውር ነው› ትላለች። እኔ መሀል ቀረሁ። ጋሼ፣ ለበጎ ሥራ ገንዘብ መጠየቅ ኃጢአት ነው?

ከሦስቱ አንዷ፣ ከአራት ኪሎ»

ልጄ፣ ኃጢአት አይደለም። «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና» የሚለው ቃል ወንጌል ውስጥ ያለ ነው፤ የተነገረውም ለመስበክና ድውይ ለመፈወስ ለተላኩ ሰዎች ነው። ከዚያ የሚበልጥ በጎ ሥራ አላውቅም፤ ለእነሱም ቀለብና ማደሪያ ተገብቷቸዋል። በዚህ በኩል ልብሽን አሳርፊው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። «ማንንም ሳልጠይቅ እሺ አልኩ» ብለሻል። የሦስት ሰው እጅ በአንድ አፍ ሰጥተሻል ማለት ነው። ሰው የራሱን ቀን ሲሰጥ ስጦታ ነው። አራስ ቤት ያለችበትን ሰው ቀን እሱ ሳያውቅ ሲሰጡበት ግን ከልጁ ጉሮሮ ላይ እንደተወሰደ ይቆጥረዋል፤ እንዲህ ቢቆጥር ደግሞ አልፈርድበትም። ስለ ሰደቃ የተናገረውንም የንዴት ቃል ብቻ አድርገሽ አትውሰጂው። በሃይማኖቱ በእስልምና የታወቀ ትምህርት ነው፤ ሰው መስጠት የሚጀምረው ከሚያስተዳድራቸው ነው። ዘካት ራሱ ግዴታ የሚሆነው ኒሷብ የሚባለውን መጠን ባለፈ ሀብት ላይ ነው።

ስለዚህ ለሆቴሉም ለማቆያውም ከመደወልሽ በፊት ዛሬውኑ እሱ ቤት ሂጂ። አራስ ቤት ነውና ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የድርጅቱን ዓላማ ልታስረጂው አትሞክሪ፤ «ሳልጠይቅህ ቀንህን ሰጠሁብህ፣ ይቅር በለኝ» በይው። ሕፃኑን ታቅፈሽ፣ እናቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም በእነሱ ደንብ የሚባለውን ብለሽ፣ ቡና ጠጥተሽ ውጪ። ስለ ሥራው በሌላ ቀን ትነጋገራላችሁ።

«እጄን አላነሣም» ያለው ቃል ልቤ ውስጥ ገብቷል። እኔም ወጣት ሳለሁ ሳምንቱን ሙሉ ከመድረክ ጀርባ እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አሻንጉሊት አንቀሳቅስ ነበር። የእኔ ድርሻ አያ ጅቦ ነበር። ከፊት ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ከመጋረጃው ሥር ላለው ግን ክንድ ከራስ በላይ ተዘርግቶ ይቆያል፤ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ትከሻ መቃጠል ይጀምራል፣ ሃያ ሲሞላ የጣት ጫፍ ይደነዝዛል። አፉ ከቃሉ ጋር እንዲገጥም አውራ ጣት በየፊደሉ ወደ ታች መውረድ አለበት። አራቱ ጣቶች አብረው ከተነሡ ጅቡ ጣራ ጣራ ያያል፤ ልጆቹ ወዲያው ያውቁበታል፣ ከዚያ በኋላ አያምኑትም። ይህን ሁሉ እያደረጉ ድምፅ ይቀየራል፣ ላብ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ጎን ካለው ሰው ጋር ክርን ለክርን ይጋጫል። ባልደረባሽ አላነሣም ያለው እጅ ይህ ነው።

ሰው ይህን የማያየው በክፋት አይመስለኝም። ቋንቋችን ራሱ ልጅ የሚጫወትበትንም፣ ባለሙያ የሚተውንበትንም አንድ ላይ «አሻንጉሊት» ብሎ ጠርቶታል። እናም ሥራችሁ ጨዋታ ይመስላል፤ ጨዋታ ደግሞ ማን ይከፍልበታል? በቴሌቪዥን ፊደል ስታስተምር ያየናት ቀጭኔዋ ፀሐይ ከኋላዋ ጸሐፊ፣ ድምፅ ሰጪ፣ ልብስ ሰፊና ካሜራ ያዥ እንዳሏት የሚያስብ ወላጅ ጥቂት ነው። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ሥራችሁን ስታስረዱ «ትንሽ ነገር እናቀርባለን» ማለት ተዉ። ደብዳቤሽ ላይ ሆቴሉ «ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለ ብለሻል። ከሰሚት ዕቃ መጫኑ፣ መድረክ መትከሉ፣ ማይክ መሞከሩ፣ መንቀሉና መመለሱ ሲጨመር ግማሽ ሰዓት የተባለው ሙሉ ቀን ነው።

እስቲ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሃያ ሦስት ጊዜ 2,000 ብር 46,000 ብር ነው። ይህ ያላገኛችሁት ገቢ አይደለም፤ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ለሾፌር የሰጣችሁት ነው። የተከራያችሁበት ዕዳ የዚህን ግማሽ አያህልም። እጃችሁን በነፃ ሰጥታችሁ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ እናንተ ግን እየከፈላችሁ ነው የሠራችሁት። ደግሞ 23 ከ61 ሲታይ ከሦስት እጅ አንዱን ያልፋል። አሥራት አውጡ ብትባሉ ስድስት ነበር የሚደርስባችሁ።

ነፃዎቹ ትርኢቶች መቼ መቼ እንደነበሩ አልጻፍሽልኝም፤ ግን ከቀን መቁጠሪያው እገምታለሁ። ኅዳር 11 የዓለም የሕፃናት ቀን ነው። ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው፤ የሶዌቶ ተማሪዎች በ1968 ዓ.ም. የተገደሉበት መታሰቢያ። ገና አለ፣ ፋሲካ አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ። በጎ አድራጊ ሁሉ ልጆችን የሚያስታውሰው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ትምህርት ቤቶች የዓመት መዝጊያቸውን የሚያዘጋጁትም ሰኔ ነው፤ የሚከፍላችሁ ሥራና የማይከፍላችሁ ሥራ አንድ ቅዳሜ ላይ ይጋጫሉ ማለት ነው። ልጆቹ ዘንድ ብትሄጂ ደግሞ ያው ነው፤ በገና ሳምንት አንድ ማቆያ በአንድ ቀን ሦስት ኬክ ይቆረስበታል፣ የካቲት ላይ በሩን የሚያንኳኳ የለም።

አሁን ስለ ሆቴሉ። የራሴን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት እንደ እናንተው ለገቢ ማሰባሰቢያ በነፃ ተጠራን። ትርኢቱን ጨርሰን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ አያ ጅቦን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መኪና እንጠብቃለን። አንዲት ገንዘብ ያዥ ፖስታ ታቅፋ መጣች። የሳውንዱ ልጅ ፈርሞ ተቀበለ። አበባ ያስጌጠው ፈረመ። ድንኳን የተከለው፣ ፎቶ ያነሣው፣ መድረክ የመራው ሁሉም ፈረሙ። እኛ ጋ ስትደርስ ፈገግ ብላ «እናንተ እንኳ ለበረከት ናችሁ» አለችና አለፈች። ያን ቀን ያዘንኩት በገንዘቡ አልነበረም። አበባውም ድምፁም ለዚያው ለሕፃናቱ ዓላማ ነበር የመጣው፤ በረከቱ ለእነሱ ለምን እንዳልተመደበላቸው ማንም አልነገረኝም።

መተዋወቁንም አይቼዋለሁ። በወሩ ከዚያው ቢሮ ተደወለልን፤ ሌላ ዝግጅት ነው። ዋጋ ስንጠራ «እናንተ በነፃ የምትሠሩ አይደላችሁ እንዴ?» ተባልን። ትልልቆቹ ሰዎች የተዋወቁን እንደዚያ ነበር። ከዚያ የከፋው ግን በኋላ ያወቅነው ነው፤ ያን ዝግጅት ከእኛ በፊት በየዓመቱ እየተከፈለው የሚያቀርብ ሌላ ቡድን ነበር። እኛ በነፃ ስንመጣ እሱ ቀረ። ከተከፋዮቹ አንዱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ሰላም ሳይለኝ አለፈ፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ቸር የሆንን መስሎን የሌላ ባለሙያ እንጀራ ነበር የሰጠነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጠሪ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ዓላማው ምንድን ነው?» አይሁን። ዓላማውማ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። «አዳራሹ በነፃ ነው? ሳውንዱስ? መድረክ መሪውስ?» በይ። ሁሉም በእውነት በነፃ ከሆነ ተመካከሩበት፤ አንድ ከተማ ተሰብስቦ እንዲህ ሲሰጥ ከመሀሉ መገኘት ደስ ይላል። አንዱ ተከፍሎት ሌላው «ለበረከት» ከተባለ ግን በዋጋችሁ ሂዱ። ድርጅቱ የተመዘገበ መሆኑንም ጠይቁ፤ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠ የምስክር ወረቀት ይኖረዋል፣ ኮፒውን ማየት ድፍረት አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ «ሕጉ ብዙ ወጪ እንድናወጣ አይፈቅድም» ይላችኋል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያ የጣለው በአስተዳደር ወጪ ላይ ነው፤ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ። ልጆች እጃቸውን እንዲታጠቡ ወይም ክትባት እንዳይፈሩ የሚያስተምር ትርኢት የፕሮጀክት ሥራ ነው፤ እንዲህ ላለው ሥራ በጀት የሚይዙ ድርጅቶች አሉ። እናንተ ካልጠየቃችሁ በጀቱ ለባነርና ለቲሸርት ይውላል።

ታናሿን ደግሞ እንዲህ በያት። ገንዘቡ ከልጁ ኪስ አይወጣም። ሆቴሉ ውስጥ ልጁ የለም፤ ያሉት እራት የሚበሉ ሰዎች ናቸው፣ እናንተም የምትሠሩት ለእነሱ ነው። ልጁ ፊት ቆማችሁ የምትሠሩት ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ልቧ ትክክል ነው፣ ልቧን እንዳትሰብሩባት።

እሱንም አይቼዋለሁና። አንድ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ፣ በአልጋዎች መሀል ባለች ጠባብ መተላለፊያ፣ መጋረጃችንን በሁለት የጉሉኮስ ማንጠልጠያ ላይ ወጥረን አቀረብን። አያ ጅቦ እንደ ወጉ «ራበኝ፣ ራበኝ» እያለ ይዞራል። ከፊተኛው አልጋ ላይ ያለ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ አንድ እጁ ላይ መርፌ ተተክሎበታል፣ በሌላው ትራሱ ሥር ገባና የደበቀውን ዳቦ አወጣ። ቆርሶ አያ ጅቦ አፍ ውስጥ ከተተው። በትንንሽ ጣቶቹ እስከ ውስጥ ድረስ ገፋው። ዳቦው ሞቅ ያለ ነበር፤ እኔ ከታች ሆኜ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ያዝኩት፣ እንዳይወድቅ። ተረቱ ሌላ ነበር፤ ጅቡ ተንኮለኛ ነው፣ በመጨረሻ ይገረፋል። ጓደኞቼ ግን ዳቦውን አይተው ተረቱን እዚያው ቀየሩት፤ እንኮዬ ጦጢት «ያጎረሰህን አመስግን» አለችው፣ ጅቡም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ልጁ አልሳቀም። «ነገም ይመጣል?» ብሎ ነርሷን ጠየቃት። እኛ መልሰን የሄድነው በወሩ ነበር።

ለዚያ ቀን ማንም ፕሮፎርማ ቢጠይቀኝ አልጽፍም ነበር። ግን ሦስታችንም ሳንጠየቅ የመረጥነው ቀን ነበር፤ ሦስታችንም ወደን ነው የገባነው።

ሆስፒታል የመግባት ሐሳብ ካላችሁ ግን አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ፤ እኛ ያኔ አላወቅነውም ነበር። ጥቁር አንበሳን በመሰለ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ልጆች አሉ። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎቻቸውን ስለሚቀንስ ለጤነኛ ልጅ ምንም የማይለው ጉንፋን እነሱን አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ከስፖንጅ የተሠራ አሻንጉሊት ደግሞ እርጥበትና ቆሻሻ ይይዛል፣ ውስጡን ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የክፍሉን ኃላፊ ነርስ አነጋግሩ፤ ከሚታጠብ ጨርቅ የተሠሩ አሻንጉሊቶች ብቻ ውሰዱ፤ ከሦስታችሁ አንዱ ካሳለው ቀኑ ይተላለፍ። በነፃ ስለመጣን ይቻላል አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እናትሽ እድርተኛ ሳትሆን አትቀርም። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ሰሃን ያወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ የዚህን ያህል ደግ ነገር በከተማችን ውስጥ አላውቅም። ሆኖም መተዳደሪያ ደንብ አለው። ወርኃዊው መዋጮ ስንት እንደሆነ፣ የቀረ ምን እንደሚቀጣ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ ተጽፎ በፊርማ ጸድቋል። ዳኛና ጸሐፊ አለው። ደንብ ስላለው ስስታም ነው ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ለዓመታት የዘለቀውም በደንቡ ነው። እናንተም ለነፃ ሥራችሁ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ጻፉ።

በዓመት ስንት እንደሆነ ወስኑ፤ እኔ ስድስት እላለሁ፣ አሥራቱን። ሦስታችሁም ካልተስማማችሁ ነፃ ትርኢት አይኖርም፤ አንድ ሰው «አይ» ካለ ምክንያት አይጠየቅም። የመኪናውን ሁልጊዜ ጠሪው ይክፈል፤ እንደ ፒያሳው ዓይነት በእውነት የሌለው ከሆነ ግን ከተከፈላችሁበት ትርኢት ሁሉ ጥቂት እየነሣችሁ በምታጠራቅሙት ሣጥን ይሸፈን፣ ከአንዳችሁ ኪስ አይውጣ። ቀኖቹን እናንተ ምረጡ፤ የካቲት ይሁን፣ ነሐሴ ይሁን፣ ልጆቹን ሰው በማያስታውስበት ጊዜ። አንዱን ቀን መጋቢት 12 አድርጉት፤ በመላው ዓለም የአሻንጉሊት ቴአትር ቀን ሆኖ የሚከበር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ፕራግ ላይ ከተቋቋመው ከዓለም አቀፉ የአሻንጉሊት ባለሙያዎች ኅብረት ከዩኒማ ጋር የተያያዘ በዓል ነው። ስድስቱን የመምረጡን ኃላፊነት ለታናሿ ስጧት። ያን ልብ ያላት እሷ ናት፤ ስድስት ብቻ እንዳላት ስታውቅ ደግሞ ከሚጠራችሁ ሁሉ መሀል ማን በእውነት እንደሚያስፈልገው ሄዳ ታያለች።

ካሜራም ደንቡ ውስጥ ይግባ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የከዋኝ ትርኢት ያለ ፈቃዱ አይቀረጽም። በነፃ መጣችሁ ማለት ቪዲዮውን ለሁልጊዜ ማስታወቂያ ሰጣችሁ ማለት አይደለም፤ ለምን ያህል ጊዜና የት እንደሚታይ በጽሑፍ ይስፈር። የልጆቹ ነገር ከዚህም ይብሳል። ተረት ሊሰማ የተቀመጠ ልጅ ፊት ላይ መብራት ሲያበሩና «ሳቅ በል» ሲሉት አይቻለሁ። ትርኢቱ እስኪያልቅ ካሜራ አይገባም በሉ፤ ይህን ለመጠየቅ ከእናንተ የተሻለ መብት ያለው የለም።

ነፃ ለምትሉት ሥራም ፕሮፎርማ ጻፉ። ሙሉ ዋጋው ይቀመጥ፤ ከሥሩ «ከቡድኑ የተበረከተ» ብላችሁ የምትተዉትን ጻፉ። ታናሿ «ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሎ የለም ወይ?» ትላችሁ ይሆናል። ቃሉ የተነገረው በአደባባይ መለከት እያስነፉ ለሚመጸውቱ ነው። እናንተ መለከት አታስነፉም፤ ለአንድ ቢሮ አንድ ወረቀት ትልካላችሁ፣ የሰጣችሁት ነገር ዋጋ እንዳለው ተቀባዩ እንዲያውቅ። ደግሞ የእናንተ ሙያ የቆመው ግራና ቀኝ በመተዋወቃቸው ነው፤ ቀኝሽ አፉን ሲከፍት ግራሽ ዘንጉን ይዞ ክንዱን ካላነሣ አሻንጉሊቱ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።

ለሆቴሉ እራት አዘጋጆች ነገ ጠዋት ደውይ፤ በጽሑፍ መልእክት አይሆንም። እንዲህ በይ፦ «ባለፈው እሺ ያልኩት ባልደረቦቼን ሳላማክር ስለነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዝግጅቱ ላይ የሚከፈላቸው ሌሎች ባለሙያዎች ካሉ እኛም በዋጋችን እንመጣለን፤ ፕሮፎርማ ዛሬ እልክልዎታለሁ። ሁሉም በነፃ ከሆነ ደግሞ ይንገሩኝና ተመካክረን እንመልስልዎታለን።» ከዚህ በላይ አታብራሪ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ብትቆጣሽ ዝም ብለሽ ስሚያት፤ ምናልባት እሷም ከበላይዋ «በነፃ አምጪ» ተብላ የተላከች ናት።

ቀኑ ከሳምንት ያነሰ ከቀረውና ስማችሁ ፕሮግራሙ ላይ ከታተመ ግን ሰው ጥሎ መቅረት አይሆንም። ያኔ ብቻሽን ሂጂ። ቃሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ በአንቺ ሁለት እጅ የሚሠራ አጭር ተረት አታጪም። ባልደረቦችሽን አትለምኛቸው፣ ቅር ያለው ፊትም አታሳያቸው።

የፒያሳዋን ግን፣ እሱ ይቅር ብሎሽ ሦስታችሁም እሺ ካላችሁ፣ የስድስቱ የመጀመሪያ አድርጓት። ሻይና ዳቦውን «አያስፈልግም፣ ለልጆቹ ይሁን» ብላችሁ እንዳትመልሱ። ያቺ ሴት «የምንከፍለው የለንም» ብላ በዚያው አፏ ያላትን ነግራችኋለች፤ የሆቴሉ ሰዎች ይህን አላሉም። ከልጆቹ ጋር ተቀምጣችሁ ጠጡት።

አያ ጅቦ ካላችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት የአፉን ውስጥ በሚታጠብ ጨርቅ አልብሱት፤ ዳቦ ባለበት ቤት ልጆች ማጉረሳቸው አይቀርም።